ጆይስቲኩን ለእርሷም አቀብሏት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሴት ልጅ የቪዲዮ ጌም እንዳትጫወት የሚከለክል ሕግ የለም። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም የለም። ይሁንና ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ካሉት ጌም ቤቶች ወደ አንዱ ከትምህርት ቤት መልስ ጎራ በሉ፤ አግዳሚ ወንበሩን የሞሉት ወንዶች ናቸው። ከወንድሟ ጋር የገባች ልጅ የእርሱን ቦርሳ አቅፋ ከኋላ ትቆማለች። ዐይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም። ኳሱን ለማን ማቀበል እንደሚሻል ከወንድሟ ቀድማ ታያለች፤ ጣቶቿ በቦርሳው ማንገቻ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ጆይስቲኩን የሚያቀብላት ግን የለም፤ እርሷም አትጠይቅም። ይህ እኔን ያመኛል።

ጨዋታዎቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ሴቲቱ በጎሪላ ተጠልፋ ከላይ ቆማ የሚያድናትን ትጠብቃለች። በ1985 በሱፐር ማሪዮ ብሮስ ልዕልቲቱ እስከ መጨረሻው ትጠብቃለች። ጠለፋ የስንት እህቶቻችንን ትምህርትና ሕይወት እንዳበላሸ የምናውቅ ሰዎች፣ ጠለፋ የጨዋታ መነሻ ሲሆን ዝም ብለን ልናልፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሜትሮይድ ነው። በ1986 የወጣው ይህ ጨዋታ ጀግናውን ከራስ ቁር እስከ ጫማ በብረት ልብስ ሸፍኖ ያዋጋል። በመጨረሻ ጀግናው ሳሙስ አራን የምትባል ሴት መሆኗ ይገለጣል። እንዴት ያለ ድንቅ ሐሳብ ነበር! ነገር ግን ተጫዋቹ ቶሎ በጨረሰ መጠን ልብሷ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እጅግ ለፈጠነው በዋና ልብስ ትታየዋለች። ጠላቱን ሁሉ የጣለችው እርሷ ናት፤ ገላዋ ግን ለሌላ ሰው ሽልማት ሆነ።

ብዙ ነገር መሻሻሉን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሆራይዘን ዜሮ ዶውን፣ አሎይ የተባለችው ጀግና ለአደን የሚመች ልብስ ለብሳ የራሷን ታሪክ ፍለጋ ትወጣለች።

የእኛ ልጆች የሚያዘወትሩት ግን የኳስ ጌም ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ፊፋ በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፊፋ 16 በተሰኘው እትም ነው። 12 ቡድኖች ገቡ፤ ከአፍሪካ አንድም አልነበረም። በዚያው ዓመት ካናዳ ባዘጋጀችው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ናይጄሪያ፣ ካሜሩንና ኮትዲቯር ተሰልፈዋል፤ ካሜሩን እንዲያውም ከምድቧ አልፋለች። ሎዛ አበራን እያደነቀች ያደገች የእኛ ልጅ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ማንን ትምረጥ?

ለዚህ ነው ልጆቻችን ከመጫወት አልፈው ጨዋታ ይሥሩ የምለው። አሜሪካዊቷ ካሮል ሾው፣ አውሮፕላን ወንዝ ተከትሎ እየበረረ የሚዋጋበትን ሪቨር ሬድ የተባለ ጨዋታ የሠራችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ጨዋታው የሚጫንበት ካርትሪጅ የሚይዘው 4 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር ያን ሁሉ ወንዝ በምስል ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። ካሮል ወንዙ በሂሳብ ቀመር ራሱን እየሠራ እንዲሄድ አደረገች። ይህን በክፍል ውስጥ ሳስረዳ ሴት ተማሪዎቼ ቀመሩን ለማየት ወደ ሰሌዳው ይመጣሉ። ደግሞስ እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የጠላትን የውኃ ምንጭ ያስያዙበት ብልሃት ምን ያለ ጨዋታ ይወጣዋል! እርሱን የምትሠራው ልጅ መጀመሪያ ጆይስቲክ መያዝ አለባት።

የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁን ለሴት ልጆች ልቀቁ። በነጻ አላልኩም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይከፍላሉ። የሚሳደብ ወይም የሚያፌዝ ካለ አስወጡት። ወላጆችም ለወንድሟ የፈቀዳችሁትን ሰዓት ለእርሷም ፍቀዱ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ባለቤቶች ከአዳራሹ ሳትወጡ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ሰዓት አስመዝግቡ፤ ተማሪዎቼ በመጪው ቅዳሜ ይመጣሉ።

አመሰግናለሁ።