የድሮውን ፋይል ማን ይክፈትልን?

ጤና ይስጥልኝ! በዚህ ዝናብ ከአዘዞም ከማራኪም ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ አዳዲስ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። እናገራለሁ። ግን ስለተጨመረው ሳይሆን ስለተቀነሰው ነው።

አክሰስ 97ን፣ ያን የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ እዚህ የማያውቅ አለ? የስንቱ መሥሪያ ቤት መዝገብ እሱ ላይ ነው የተለቀመው! ባለፈው ክረምት ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ አንዲት የመዝገብ ቤት እናት ደወሉልኝ። አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶላቸው፣ አዲሱ አክሰስ ተጭኖበት፣ የድሮው ፋይል አልከፈት ብሏል። "አንተ ልጅ፣ ትናንት ሲሠራ የዋለ መዝገብ ዛሬ ምን ነካው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ፋይሉ ምንም አልሆነም። ማይክሮሶፍት ከአክሰስ 2013 ጀምሮ የ97ን ፋይል መክፈቻ አውጥቶ ጥሎታል፣ በቃ። መላው በአክሰስ 2007 ወይም በአክሰስ 2010 ከፍቶ ወደ አዲሱ ዓይነት መቀየር ነው። እሺ፣ 2010 ከየት ይምጣ? ፒያሳን ሳስስ ውዬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት። ልጁ ደግሞ "ጋሼ፣ እንዳታጠፋብኝ፣ አንዴ ከጠፋ አይነሳም" እያለ በላዬ ቆሟል። ከፈትነው፣ ቀየርነው። ስሞቹን ስናይ ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ! አክሰስ 97 ዩኒኮድን፣ የዓለምን ፊደላት የጋራ ኮድ፣ አያውቅም፤ ጽሑፉ የገባው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነበር። እሱን ፈልጎ መጫን ሌላ ጣጣ። (ይኼኛውን እንኳ በ2013 አላሳብብም።)

አዲስ አትሥሩ ያለ የለም! ቤቱን አፍርሱት፣ ግን ዕቃችንን ሳናወጣ በሩን አትገንቡብን! በድሮው ዓይነት መጻፉን ከልክሉ፣ ማንበቡን ተዉልን! አይቻልም እንዳትሉኝ። ያው አክሰስ 2013 የዲቤዝን፣ የሌላውን የድሮ ዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ፋይል መክፈትም አስቀርቶ ነበር። ተጠቃሚው ጮኸ፣ በፈረንጆቹ 2016 ለኦፊስ 365 ደንበኞች መለሱት። እኛስ መቼ ጮኸን? ሻይ ቤት ተቀምጠን ማማት ብቻ!

የማይ ኤስኪውኤል፣ የሌላው ዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ሰዎች፣ ለእናንተ ባጭሩ። 8.0 ላይ ኩዌሪ ካሽ፣ የጥያቄን መልስ ለድጋሚ ይዞ የሚያቆየው፣ ተወግዷል። ለሱ አላለቅስም፣ ብዙ ሰው በሚጽፍበት ሰርቨር ላይ ማነቆ ነበር። ግን ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይላችሁ ውስጥ የሱ መስመር ሳይሰረዝ ከተገኘ ሰርቨሩ ጭራሽ አይነሳም። ፓስወርድ የሚባለው፣ የይለፍ ቃል የሚመሰጥረው ፈንክሽንም የለም። ግራንት (ፈቃድ መስጫው ትዕዛዝ) ብሎ በዚያው አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር ቀርቷል። ግሩፕ ባይም፣ መረጃን በቡድን የሚሰበስበው ትዕዛዝ፣ እንደ ድሮው በራሱ ተራ አያስይዝም፣ ተራ ማስያዣውን ኦርደር ባይ ጨምሩበት።

ሌላም ነበረኝ፣ ግን ሻዩ ደርሷል። የ97 ፋይል በፍላሽ የያዘ ካለ፣ እዚያ ጥግ ያለው ላፕቶፕ 2010 አለበት። መብራት ሳይሄድ ቶሎ ቶሎ በሉ።