«መጀመሪያ ራስሽን እወቂ» ለምትሉ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የምርምር ፍላጎታችንን በአጭሩ እንድናቀርብ ነው የተባልነው። የኔ ርዕስ ማንነትና የፍቅር ግንኙነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዝኳቸው በምክንያት ነው።

የሥነ ልቦና ሊቁን ኤሪክ ኤሪክሰንን ሁላችንም ተምረናል። በእሱ የሰው እድገት ቅደም ተከተል በጉርምስና የማንነት ጥያቄ ይቀድማል፣ የልብ ቅርርብ በወጣትነት ይከተላል። ይህ ሐሳብ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ምክር ሆኗል። ልቡ የተሰበረ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ራስህን እወቅ፣ ፍቅር ይደርሳል» ይባላል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ለመቃወም ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ከፍቅረኛዋ ጋር ለዓመታት ተራራ ስትወጣ ኖረች። ከእሱ በፊት ተራራን በሩቁ ነበር የምታውቀው። ከዚያ ተለያዩ። ልጠይቃት ስሄድ የተራራ ጫማዋ ጭቃው እንደደረቀበት በሩ ሥር ተቀምጧል። «ልጣለው እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ለመሆኑ ተራራ የምወደው እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነበር? ቅዳሜ ሲመጣ ምን እንደምፈልግ ጠፍቶኛል» አለች። የሚጠይቋት ጓደኞች እንኳ አብዛኞቹ በእሱ በኩል የመጡ ስለነበሩ ቀስ በቀስ ቀሩ፣ ስትስቅ የምትላትን ቃል ሳይቀር ከእሱ እንደወሰደቻት ያስተዋለችው ያን ሰሞን ነው። ሰዉ ግን «ትረሺዋለሽ» ይላታል። እሷን የቸገራት እሱን መርሳት ብቻ አልነበረም!

ይህ የእሷ ድክመት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎችን ለ10 ሳምንታት እየተመላለሱ «ዛሬ ማን ነህ?» ብለው ጠየቁ። ፍቅር የያዛቸው ልጆች ራሳቸውን የሚገልጹበት ነገር ዓይነቱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኤሪካ ስሎተር፣ ዌንዲ ጋርድነርና ኢሊ ፊንክል መለያየትን አጠኑ። ከተለያዩ በኋላ ሰዎች ማንነታቸው ይደበዝዝባቸዋል፤ ጭንቀታቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ብቻውን ተቀምጦ አስቀድሞ ራሱን አውቆ የጨረሰው ሰው የታለ?

እናም «ይሄ የፍቅር ወሬ ነው፣ ከበድ ያለ ርዕስ ምረጪ» ተብያለሁ። ደጋግሞ። ሰው እንቅልፉን የሚያጣበት፣ ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ነገር ቀላል ከሆነ ከባዱ የቱ ነው? ተማሪዎቻችን ምክር ፍለጋ በራችንን ሲያንኳኩ ይዘውት የሚመጡት እኮ ይሄንኑ ነው! እኛ ደግሞ «ጊዜ ይፈታዋል» ብለን እንሸኛቸዋለን።

በግንኙነት ውስጥ ተውጦ የሚጠፋ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱም የጥናቴ አካል ነው። ዘዴውን ባጭሩ፦ ከመለያየት በኋላ ባሉት ወራት ያንኑ ሰው ደጋግሜ አነጋግራለሁ፤ ከግንኙነቱ ያገኘውን የቱን እንደሚያስቀር፣ የቱን እንደሚጥል እከታተላለሁ። ጓደኝነትንም ልጨምር አስባለሁ።

ርዕሱን አልቀይርም። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።