ከደጃፍ እስከ ኮሮጆ፦ ተራ ሰው ዘመቻ ሲገባ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር፣ እንዲሁም ከአገር ውጭ ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ እንኳን ተገናኘን። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጉዳዬ የምርጫ ዘመቻ ነው። የፓርቲ መሪዎችን ክርክር ትተነው፣ ባለሱቁ፣ መምህሯ፣ ገበሬው በገዛ ፈቃዳቸው ዘመቻ ሲገቡ ምን እንደሚሠሩና ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ እንነጋገር።

አሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊመረጥ በተቃረበ ቁጥር ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን በር ሲያንኳኩ፣ ስልክ ሲደውሉ እናያለን። እዚህ ያለው ወጣት ደግሞ «እኛስ ለፕሬዚዳንት መቀስቀስ አንችልም ወይ?» ይላል። አንችልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የእኛን ፕሬዚዳንት ዕጩ አድርጎ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመርጠው ደግሞ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ዘመኑ 6 ዓመት ነው። ታዬ አጽቀ ሥላሴም መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሾሙት በዚሁ መንገድ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ ምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫ መቀመጫ ካለው ወገን ይመጣል። ስለዚህ የማቻከል ገበሬ አራት ኪሎ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው በራሱ የምርጫ ክልል በሚሰጣት አንዲት ድምፅ ነው። ዘመቻው እዚያ ይጀመራል፣ ከዚያም ወርዶ ምርጫ ጣቢያው ላይ።

የአሜሪካኖቹን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ የሚጠቅመን አለበት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1976 ጂሚ ካርተርን የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ 90 ያህል የጆርጂያ ሰዎች ወጪያቸውን ራሳቸው ችለው በጥር ብርድ ኒው ሃምፕሸር ሄዱ። ቤት ለቤት እየዞሩ «ሰውየውን እናውቀዋለን» አሉ። ካርተር የዚያን ግዛት የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ አሸነፉ። በ1998 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ሄቨን ከተማ ላይ 30,000 ገደማ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ፈተሹ፦ ለአንዳንዱ ደብዳቤ ላኩ፣ ለአንዳንዱ ስልክ ደወሉ፣ አንዳንዱን ቤቱ ድረስ ሄደው አነጋገሩ። ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ወደ ምርጫ ጣቢያ በደንብ የወሰደው ፊት ለፊት የተደረገው ንግግር ነው። ደብዳቤው ትንሽ ሠራ፣ ስልኩ ምንም አልፈየደም።

ይኼን ስሰማ ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና ትዝ ይለኛል። እኛ ዘንድ ዘመቻ ማለት ሞንታርቦ፣ ካናቴራና ዘፈን ነው። ገንዘቡም ቀኑም እዚያ ያልቃል። መኪናው በአስፋልት ዳር ያልፋል፣ ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ያለው ጎጥ ግን ድምፁንም አይሰማ።

እንግዲህ በር ለበር እንሂድ ስንል አሜሪካ የማያጋጥም ችግር ይመጣል፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው እላለሁ። ወረቀት። እዚያ የዘመቻ ሠራተኛው የተመዘገቡ መራጮች ዝርዝር ተሰጥቶት ይወጣል። ጎጃም ውስጥ ግን ደብተር ይዞ ስም የሚጽፍ ሰው መቼ መልካም ነገር ይዞ መጣ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ያመፀው «ዛሬ ግብር ብለው ነገ መሬታችንን ሊለኩ ነው» ብሎ ጠርጥሮ ነው። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ «ቢሮክራሲ»፣ ማለትም በቀድሞው መንግሥት ሹመት የነበረው፣ ተብሎ የተመዘገበ ሰው መሬቱ ተቀንሶበታል፤ ማን በየትኛው ዝርዝር እንደነበር የሚያስታውስ አዛውንት ዛሬም አለ። ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ፣ አንድ ሰው አምስት ጎረቤቶቹን እንዲይዝ የተደረገበት አደረጃጀት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። የማን ደጋፊ መሆኑ ከነስሙ የተጻፈ ሰው፣ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚወድቅ አያውቅም። ተኩስ ባለበት፣ መንገድ በተዘጋበት አካባቢ ያላችሁ፣ ዛሬ የምለውን ሰምታችሁ ወደ ሰው ደጃፍ እንዳትሄዱ። ምርጫ ከሰው ነፍስ አይበልጥም።

ሰላም ባለበት ስፍራስ ዝርዝሩ እንዴት ይያዝ? ስም አትጻፉ። ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ፦ እዚህ ጎጥ 24 ቤት፣ የምርጫ ካርድ ያላወጡ 9፣ ሰው ካልደገፋቸው መሄድ የማይችሉ አዛውንት 3። ስሙ በጎጡ ነዋሪ ራስ ውስጥ ይቀመጥ። ሒሳቡን እንየው። አንድ ምርጫ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 መራጭ ይመዘግባል። ከአንድ ቤት ሁለት ወይም ሦስት መራጭ ቢወጣ 600 ያህል ቤት ነው። ከከተማ የመጡ ሁለት ወጣቶች ደጋ ላይ፣ ቤቱ ተራርቆ ባለበት፣ በቀን ከ10 ቤት በላይ በወጉ አያዳርሱም፤ ብቻቸውን 60 ቀን ይፈጅባቸዋል። ከየጎጡ አንዳንድ ሰው፣ በድምሩ 25 ሰው ቢገኝ ግን እያንዳንዱ 24 ቤት ይደርሰዋል። ሃያ አራት ቤት ደግሞ ማንም ጎረቤት ሳይጽፍ ያስታውሳል።

«ይኼማ ያው አንድ ለአምስት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይመስላል። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ያኔ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። የእናንተው ሰው ግን «አልፈልግም» ሲባል «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መመለስ አለበት፣ እምቢ ያለውን ሰውም ለማንም አለመንገር። አንድ ቤት ላይ ይኼ ከተጣሰ ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ቀጣዩ ጎጥ ይደርሳል።

ሰው ስትመርጡ ተናጋሪውን አትፈልጉ። እህል የሚያበድር፣ ወንፈል ሲጠራ ሰው የሚመጣለት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራ ሰው ይሻላል። ሴቶች ደግሞ የግድ ያስፈልጋሉ። አባወራው ደጅ ላይ ቆሞ «የኛ ቤት አንድ ነው» ብሎ ለሁሉም ይመልሳል፤ ሚስቱና ልጆቹ ምን እንደሚያስቡ እሱም ላያውቅ ይችላል። ሴት ለሴት ስትነጋገር፣ ቡና ላይ ወይም ውኃ መንገድ ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። አዊ ዞን ከሆነ በአገውኛ ተነጋገሩ፤ አማርኛ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው መልስ ያገኛል፣ ጨዋታ ግን አያገኝም።

ጊዜውስ? በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ምርጫው ግንቦት ላይ ነበር። የ2013ቱ ሰኔ 14 ቀን ነው የዋለው። ሰኔ ለጎጃም ገበሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ዝናብ፣ እርሻ፣ ጭቃ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ብትሄዱ ውሻና ሕፃን ብቻ ነው የምታገኙት። ከብት ከገባ በኋላ ወይም ገበሬው በሬ በማይጠምድበት በዓል ሂዱ፦ በ12፣ በ21፣ በ27። ግን ቤቱ ሂዱ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አትቀስቅሱ። አምልኮ ቦታ፣ የወታደርና የፖሊስ ካምፕ፣ ትምህርት ላይ ያለ ትምህርት ቤት በሕግ የተከለከሉ ናቸው። ሰንበቴና ማኅበርን ሕጉ አስገደደኝም አላስገደደኝም እኔ አልነካቸውም። ምርጫው አልፎም ጠበሉን አብሮ የሚጠጣው ያው ሰው ነው።

ገበያ ለመስማት እንጂ ለመቀስቀስ አይሆንም። ሰው ጤፉን ሸጦ ጨውና ጋዝ ገዝቶ ሳይመሽ አገሩ ሊገባ ነው የመጣው።

አሁን ደጃፍ ደረሳችሁ። ጎጃም ነውና «ግቡ» ትባላላችሁ፣ ጠላ ይቀዳል። በየቤቱ ከተቀመጣችሁ ቀኑ በአራት ቤት ያልቃል፤ አራተኛው ቤት ላይ ደግሞ የምትናገሩትን አታውቁትም። አስቀድማችሁ «ቆመን ነው የምንሄደው፣ ደግሞም መድኃኒት እየወሰድን ነው» በሉ፤ ትንሽ ውሸት ብትሆንም እግዜር ይቅር ይላል። ስለ ዕጩው ከአምስት ደቂቃ በላይ አትናገሩ፤ ጠይቁና ስሙ። ማዳበሪያ ይነሣል፣ የወረዳው መንገድ ይነሣል፣ ሥራ ያጣ ልጅ ይነሣል። እዚህ ላይ በጎ ፈቃደኛው ራሱ ዕጩ የሆነ ይመስለዋል። «እኛ ከተመረጥን ማዳበሪያ በሚያዝያ ይገባል» ይላል። ቃል አትግቡ። የምክር ቤት ወንበር ብቻውን ማዳበሪያ አያመጣም፤ ገበሬው ይኼን ከእናንተ በላይ ያውቃል፣ በጨዋነት ዝም ይላችኋል እንጂ። ያሏችሁን ሁሉ «እንጠይቃለን፣ ዕጩው ሲመጣ ራስዎ ይጠይቁት» በሉና ጥያቄውን አድርሱ።

«እንግዲህ እናያለን» የሚለውን መልስ እንደ ድጋፍ የቆጠረ ዘመቻ በምርጫው ማግስት ይደነግጣል። ሰው እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ አይልም። ስለዚህ «ይመርጡናል?» አትበሉ። «ካርድ አውጥተዋል? የት አስቀመጡት? ከማን ጋር ይሄዳሉ? ጠዋት ነው ወይስ ከእርሻ መልስ?» በሉ። ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ይሄዳል። መልስ የሌለው፣ ቢያመሰግናችሁም፣ አይሄድም።

ካርዱ ከሁሉም ይቀድማል። ያልተመዘገበ ሰው የቱንም ያህል ቢወዳችሁ አይመርጥም። ብዙ ዘመቻ ግን የሚነቃው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ብክነት ይኼ ነው። ደጃፍ ለደጃፍ ሦስት ዙር ሂዱ፤ የመጀመሪያው በምዝገባ ሰሞን ይሁን፤ ያኔ ስለ ፓርቲ ባታነሡም ግድ የለም። ሰውየው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለተኛው ዙር መሀል ላይ፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ነው። ድምፅ ሊሰጥ 4 ቀን ሲቀር ቅስቀሳ ይቆማል፤ ካናቴራውም ይወልቃል፣ ሞንታርቦውም ይዘጋል።

ፊደል ላልቆጠሩ መራጮች የዕጩው ስም ምንም አይነግራቸውም፤ የሚያውቁት ምልክቱን ነው። በ1997 ሰው የሚያወራው ስለ ንብና ስለ ሁለት ጣት ነበር፣ ስለ ኢሕአዴግና ስለ ቅንጅት ምልክቶች። መሬት ላይ በጭራሮ ሳጥን ሣሉና ምልክቱ የት እንደሚደረግ አሳዩአቸው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ለየብቻ መሆኑንም ንገሯቸው። ከተፈቀደው በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ይሰረዛል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። የአየር ሰዓት፣ ሻይ፣ የሞተር ቤንዚን፣ ወጪው እነዚህ ናቸው። በደረሰኝ ያዙ። ስኳርና ጨው ማደል፣ ጠላ ቤት ሰው መጋበዝ፣ ድምፅ መግዛት ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ የአጎት ልጅ ለፓርቲ ገንዘብ መላክ አይችልም፤ በእኛ ሕግ የውጭ ዜጋ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ በሥራ ሰዓትና በመንግሥት መኪና አትቀስቅሱ።

የመጨረሻው ሥራ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ነው። የዕጩ ወኪል ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት፣ «ሥራ የሌለው ማነው?» ተብሎ ይመረጣል፤ ከሁሉ የሚከፋ ጥፋት ነው። ረጋ ያለ፣ ቁጥር የሚያውቅ፣ ሌሊት የማይጨነቅ ሰው ያስፈልጋል። የወኪልነት መታወቂያው ቀድሞ ካልተዘጋጀ በር ላይ ይመለሳል። ስንቅ፣ ባትሪ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ የዝናብ ልብስ ይያዝ። መራጭ አያናግርም። ኮሮጆው ከመታሸጉ በፊት ባዶ መሆኑን ያያል። ጣቢያው የተረከበውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት ጠዋቱን ይመዘግባል። ማታ ላይ ድምፅ የተሰጠበት፣ የተበላሸና ያልተሠራበት ተደምሮ ከዚያ ቁጥር ጋር እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ ቆጠራው እንደገና እንዲታይ ይጠይቃል፣ በጨዋ አነጋገር። ከ1,500 መራጭ ላይ 5 ወረቀት ቢጎድል ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ነው፣ ሌብነት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመጮህ በፊት ይቆጠር።

ባዶ ቅጽ ላይ «ኋላ እንሞላዋለን» ሲሉት አይፈርምም። ቅሬታ ካለው እዚያው ለጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቀርባል፣ ሰዓቱን ጽፎ፣ ቅጂውን ይዞ። ሳያቀርብ ወደ ላይ ቢሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጣቢያው ላይ ለምን አላመለከትክም?» የሚል ይሆናል። ውጤቱ ደጅ ላይ ሲለጠፍ ወዲያው ፎቶ ያንሣው፣ የጣቢያው ስምና ቁጥር እንዲታይ አድርጎ። የሰኔ ዝናብ ግድግዳ ላይ ያለን ወረቀት እስኪነጋ አያቆየውም። ኔትወርክ ከሌለ ፎቶውን በሁለት ስልክ ይያዙና ሁለቱ ሰዎች በተለያየ መንገድ ይሂዱ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ስም እንዴት እንደሚጣራ በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ።