ከባለቤቴ የተረፈውን የተቅማጥ መድኃኒት ለልጄ ልስጠው?

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ሰዓታችን ስልኩ ጋብ አላለም። የጠየቃችሁት ስለ ተቅማጥ መድኃኒት ነው፤ የመለሱላችሁ እንግዳችን ደግሞ ፋርማሲስት ናቸው።

አድማጭ፦ የአራት ዓመት ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ባለቤቴ አምና ታዞለት የነበረ ዳይፈኖክሲሌትና አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ተርፎ ቤት አለ። አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍዬ ልስጠው?

መልስ፦ እንኳን ደወሉ። አይስጡት፤ ግማሹንም ሩቡንም። ይህ መድኃኒት ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ዳይፈኖክሲሌት ከእነ ሞርፊን ጋር ይዛመዳል። የአንጀትን እንቅስቃሴ እንደሚያዘገየው ሁሉ በሕፃን ላይ ትንፋሽንም ሊያዘገይ ይችላል። አትሮፒኑ ትንሽ ነው፤ የተጨመረውም ሰው መድኃኒቱን ያለ ልክ እንዳይወስደው ተብሎ ነው። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ቶሎ ላይታይ መቻሉ ነው። ልጁ ሲጫወት ቆይቶ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ በስህተት የዋጠ ልጅ ካለ «ደህና ነው እኮ» ብለው አይጠብቁ። ብልቃጡን ይዘው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለልጅዎ አሁን የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ልጅን የሚጎዳው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ተቅማጡ ቢቆም እንኳ የወጣው ካልተተካ ምን ዋጋ አለው? በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አይቀንሱ፣ አይጨምሩም። አንድ ሊትር የሚል ከሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ዚንክም አለ፦ በእሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩንም የሚያቆሙ ወላጆች ብዙ ናቸው። አያቁሙ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይውሰዱት።

አድማጭ፦ እኔ አዋቂ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሎፐራሚድ የሚባል የተቅማጥ ማቆሚያ አራት ፍሬ ውጬ አልቆመልኝም። አራት ልድገም?

መልስ፦ ቆይ፣ እንቁጠር። አንዱ ፍሬ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊግራም ነው። አዋቂ መጀመሪያ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ ፈሳሽ ሰገራ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ ይወስዳል። ያለ ማዘዣ የቀኑ ጣሪያ 8 ሚሊግራም ነው። እርስዎ ደርሰውበታል። ሐኪም ሲከታተል እስከ 16 ሊደርስ ይችላል፤ ያ ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው፦ ከመጠን ያለፈ ሎፐራሚድ የልብን ምት ያዛባል። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ሰገራ አለዎት?

አድማጭ፦ ትኩሳቱ አለ።

መልስ፦ እንግዲያው ሎፐራሚዱን አሁኑኑ ያቁሙ። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ አንጀት ጠርጎ ሊያወጣው የሚታገለውን ነገር በር ዘግቶ እዚያው ማስቀመጥ ነው የሚሆነው። ፈሳሽ እየጠጡ ዛሬ ይመርመሩ።

አድማጭ፦ አሜባ ነው ተብዬ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ልተወው? ነገ ደግሞ ግብዣ አለብኝ፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ ብጠጣስ?

መልስ፦ የታዘዘልዎትን ቀን ይጨርሱ። ሕመሙ ቀድሞ ለቀቀዎት እንጂ ተሕዋሱ ገና ሊኖር ይችላል። መጠጡ ይቅርብዎ። ከሜትሮኒዳዞል ጋር ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የልብ ትርታ መፍጠን ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም 3 ቀን ይታገሱ። ግብዣው ላይ ውሃ ይጠጡ፤ ማንም አይቆጥርብዎትም።

አድማጭ፦ ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ ተቅማጥ ጀመረኝ። ማቆሚያ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። አንቲባዮቲክ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባል ክፉ ባክቴሪያ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ይህን ማቆሚያ መድኃኒት ሊያባብሰው ይችላል። አንቲባዮቲኩን ላዘዘልዎት ሐኪም ይደውሉ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም ካሉ፣ ተቅማጡ ሲበረታ እንዲሁ ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

የመጀመሪያዋ እናት ልንዘጋ ስንል ተመልሰው ደወሉ።

አድማጭ፦ ልጁ ኦ አር ኤሱን እየጠጣ ነው። የተረፈውን ብልቃጥስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ፋርማሲ ይውሰዱትና እንዲያስወግዱልዎት ይጠይቁ። እስከዚያው ልጁ የማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት። የባለቤትዎ ሆድ ዘንድሮ ቢታመምም ሐኪም አይቶ አዲስ ይዘዝለት።