“ባዶ መሬት” ያለው ማን ነው?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ የልማት ሠራተኞች፣ ከደራና ከሊቦ ከምከም ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ወረታ ታሪክና አቀማመጥ እንድናገር ተጠርቻለሁ። ለእናንተ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነውና አላረዝመውም፤ የመጣሁበት ጉዳይ የፎገራ ላምና የወል ግጦሿ ነው። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ወደ ጎንደር ሲሉ ወረታ ነው፤ እዚሁ መንገዱ ይገነጠልና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይወጣል። ቻይናዎች የሠሩት ያ መንገድ ከተማዋን አሳድጓታል። ያጠባት ግን ከብት ነው። ወደ ሰሜን እንፍራዝ ላይ በ16ኛው መቶ ዘመን አፄ ሠርጸ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ቁልቁል ወደ ጣና ያያል። ሠራዊትና ፈረስ ይዞ የሚሰፍር ንጉሥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሣርና ውሃ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከዚህ ከፎገራ ሜዳ ጠፍተው አያውቁም ነበር።

በምሥራቅ የጉና ተራራ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። በምዕራብ ጣና፣ 1,786 ሜትር ገደማ። ርብም ጉማራም ከጉና ተነሥተው ሜዳችንን አቋርጠው ሐይቁ ይገባሉ። ሜዳው ከሐይቁ እምብዛም ከፍ አይልም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ጣናም ሞልቶ ይጠብቃቸውና ውሃው መሄጃ ያጣል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰብንን ማንም አልረሳውም። ዳሩ ግን ደለሉን የሚያመጣው ያው ጎርፍ ነው። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ቋጥሮ ስለሚቆይ፣ ሌላው አገር ሲነድ እዚህ ሣር ነበር። ከብቱ በክረምት ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ውሃው ሲሸሽ እግር በእግር እየተከተለ ወደ ጣና ይወርዳል። ጥቁርና ነጭ ቡሬዋ፣ ገራሟ፣ አልቅትና ዝንብ የቻለችው፣ ረግረግ ውስጥ ውላ የምትታለበው የፎገራ ላም የዚህ ምልልስ ልጅ ናት።

ሩዙ በ1970ዎቹ መጣ። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ጀመሩት፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር ዛሬም የጅግናን ስም ይዞ ይዘራል። ሌላው ሰብል ውሃ ተኝቶበት ሲበሰብስ ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ አፈራ። ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ሆነ፣ ጠላ ሆነ፣ አረቄም ሆነ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ሩዝን ልሰድብ አልመጣሁም፤ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም።

ነገር ግን ሩዙ የተዘራበት መሬት ከሰማይ አልወረደም። የወል ግጦሽ ነበር! “ባዶ መሬት” ተባለ፣ ተሸነሸነ፣ ታረሰ። ባዶ ያለው ማን ነው? በሐምሌ መጥቶ ውሃ ብቻ ያየ ሰው ነው። በጥርና በየካቲት ስንት አገር ከብት እንደሚሰማራበት የሚያውቅ ሰው ባዶ አይለውም። የከተማችን ስም ወረታ ነው፤ ለላሟ የከፈልናት ወረታ ይህ ነው?

የቀረችው ቁራጭ ግጦሽ ላይ ከብቱ ሁሉ ሲታጎር ሣሩ ይሳሳል፣ አሜኬላው ይገባል። እሾሁ አፍንጫ ስለሚወጋ ላሟ ከሥሩ ያለውን ሣር እንኳ አትደፍርም። ማጨድ ዋጋ የለውም፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሳያብብ፣ መሬቱ ሳይደርቅ ከነሥሩ መንቀል ነው። ዘሩን ካራገፈ በኋላ የሚነቅል ሰው የዘራውን ነው የሚጎትተው።

“ገለባው አለ” ትሉኛላችሁ። የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላል፣ ጡት አይሞላም፤ ፕሮቲኑ ከመቶ አራት አምስት እጅ ቢሆን ነው። በዩሪያ ሊታከም ይችላል። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ፣ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ። ዩሪያው ፈጽሞ ይሟሟ፤ ያልሟሟ ፍሬ ከብት ይመርዛል። ገለባው ጉድጓድ ውስጥ እየተነባበረ፣ እየተረጨ፣ እየተረገጠ በላስቲክ ይታፈንና 21 ቀን ይቆይ። ላስቲኩ ከተቀደደ አሞኒያው ያመልጣል፣ ሻጋታ ይተካል። ሲወጣ ሽታው እስኪበርድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይናፈስ። ከስድስት ወር በታች ያለ ጥጃ አይቅመሰው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የኮርማው ነገር ነው። ያማረው ወይፈን ለእርሻ ተብሎ ገና ሳያስረግዝ ይኮላሻል፤ ላሞቹን የሚያስረግዛቸው የተረፈው ኮሳሳ ነው። ከዚያ “ዝርያው ደከመ” እንላለን! የአንዳሳ የከብት ምርምር ማዕከል ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መተከል ርባታ ጣቢያም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይዘውት ቆይተዋል። መተከል ፎገራን ከሆልስታይን፣ ከውጭ አገሯ የወተት ላም ዝርያ፣ እያዳቀለ ጊደር ያከፋፍል ነበር። ደግ ሥራ ነው። ንጹሕ ፎገራ ካለቀ ግን ሆልስታይኑ ከማን ጋር ሊዳቀል ነው? የሆልስታይን አባለዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ከፈለጉት አገር ይገዛል። የፎገራን ከየት ልትገዙ ነው?

ስለዚህ ለ25 ወይም ለ30 ላም አንድ ኮርማ ይመረጥ፣ እናቱ ጥሩ ታላቢ የሆነች። ሳይመረጥ ወይፈን አይኮላሽ። ኮርማው የገዛ ልጆቹ ለእርግዝና ሳይደርሱ፣ በሁለት ሦስት ዓመቱ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ይቀያየር።

የጉበት ትሉንና የገበያውን ጉዳይ ባለሙያዎቹ ከሰዓት ያስረዷችኋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በየቀበሌው የቀረው ግጦሽ ዘንድሮ ይከለል፣ ድንበሩም በሽማግሌዎች ፊት ይተከል፤ ሰኔ ገብቶ ሞፈሩ ሳይወጣ። አመሰግናለሁ።