የሌሊቱ ዶሮ

ለዛሬ ያሰብኩት ስለ ቤት ኪራይ ነበር፤ ማስታወሻውም እዚሁ ፊቴ አለ። ግን ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል። አዎ፣ የምትሰሙት ያው የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው። በዓሉን አልፏል። የተወራረዳችሁ ሒሳባችሁን ተሳሰቡ።

እትዬን ታውቋታላችሁ፤ በዚህ ዝግጅት ከእኔ ይልቅ ደጋፊ ያላት እሷ ነች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደ ሁሉም ሰው በዶሮ ወጥ ፈሰክን። ለምሳ እንደገና ማዕድ ቀረበ። እትዬ ኢንሱሊኗን ተወጋች፣ ጥቂት ቀመሰችና እጇን ሰበሰበች። ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ከእንብርቷ በላይ በጣቷ ነካ አድርጋ «የሌሊቱ ዶሮ እዚህ ነው ያለው» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ «ይጮሃል እንዴ?» አላት። ሌላዋ ጠቅልላ «በሞቴ!» አለች። በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል፤ ጎረሰች።

ያችን ጣቷን ነው የማልረሳት። ሆዷን በመዳፏ አላሻሸችም፤ እንደ ካርታ አንድ ቦታ ነው ያመለከተችው።

ከዚያ ላብ መጣ። መጀመሪያ የላይኛው ከንፈሯ፣ ቀጥሎ ግንባሯ። የቡና ስኒዋ በእጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። የደም ስኳር መለኪያው 54 አለ፤ ዝቅ ብሏል። በልታ! ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናት፤ ቁጥሩ ግን ቶሎ አልነቃነቅ አለ። ማታ ደግሞ ምንም ሳትቀምስ ከ300 አለፈ። ወንድሜ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ባትሪ ሊገዛ ወጣ። በፋሲካ ማታ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ! እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ይቆይ።

በኋላ ሐኪሙ ሳትበላ አድራ እንድትመጣ አዘዘና በጉሮሮዋ ካሜራ አስገባ። ጨጓራዋ ውስጥ ምግብ አገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨጓራ የታችኛው ክፍል ጠጣሩን ምግብ እየገፋና እየመለሰ ያደቅቃል፤ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ወደ ትንሹ አንጀት በሚያስገባው በር አያሳልፈውም። ትንሹ አንጀት ደግሞ ቅባት ሲደርሰው ኮሌሲስቶኪኒንና ጂ ኤል ፒ 1 የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። መልእክታቸው «ቆይ፣ ያለኝን ልጨርስ» ነው። ክብደት የሚቀንሱት መርፌዎች ይህን ሁለተኛውን መስለው ነው የሚሠሩት፤ ከሥራቸው አንዱም ጨጓራን ማዘግየት ነው። ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ፦ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ከጨጓራ ተነስቶ አንጀትን እየጠረገ የሚወርድ ማዕበል። ሞቲሊን የሚባል ሆርሞን ይቀሰቅሰዋል፤ ምግብ ሲገባ ይቋረጣል። በቅዳሴ መካከል ሆዳችን ጮሆ የሚያሳፍረን አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ረሃብ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጽዳትም አለበት።

የእትዬን ጨጓራ የሚያዝዘውን ነርቭ የብዙ ዓመት ስኳር ጎድቶታል። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ምግቡ አይደርስም። የሰጠናት ስኳርም ቢሆን በዚያው በር ነው ማለፍ ያለበት። ደሟ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ያ ራሱ ጨጓራውን ይበልጥ ያዘገየዋል። እንግዲህ ማን ነው ማንን የሚመራው? ስኳሩ ሆዱን ወይስ ሆዱ ስኳሩን? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ።

እንቅልፍ ሳጣ የማደርገውን ታውቃላችሁ፤ አነባለሁ። በ1822 በአሜሪካ ማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴይንት ማርቲን የሚባል ወጣት በአጋጣሚ በጥይት ይመታል። ይድናል፤ የሆዱ ቀዳዳ ግን አልገጥም አለ። ያከመው ዊሊያም ቦሞንት ምግብ በሐር ክር አስሮ በቀዳዳው እያስገባ፣ እያወጣ፣ ሰዓት እየያዘ ዓመታት አጠናው። ሰውየው ሲናደድ መፈጨቱ እንደሚታወክም መዘገበ፤ በ1833 መጽሐፍ አደረገው። ማን የማይናደድ አለ? ሴይንት ማርቲን በ1880 ሲሞት ቤተሰቦቹ ሐኪሞች እንዳይወስዱት አስከሬኑ እስኪበላሽ ጠብቀው ነው የቀበሩት። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አልሳቅ አለኝ። የእሱ ንዴት እንኳ ተጽፎለታል። እትዬ ግን ቦታውን በጣቷ አሳይታ… አይ፣ ማነጻጸሩም ልክ አይደለም። እኛ እንወዳታለን። ወደናት ነው ያጎረስናት። ይህም ቢሆን ምን እንደሚለውጥ እንጃ።

አሁን ምክሩ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ቅባትና ፋይበር መቀነስ ነው። ዶሮውም ጎመኑም ቀረ፤ ከፍስኩም ከጾሙም ተነሳች ማለት ነው። ፍልሰታ ደግሞ እየቀረበ ነው። የንስሐ አባቷ አትጹሚ ብለዋታል፤ እሷ ግን እሺ አላለችም። ባለፈው ደውላ ምን አለችኝ? «የማታው እስከ ቀትር ካልወረደ፣ ጾሜ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እየቀለደች ይሁን ከልቧ ይሁን አላወቅሁም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እንዳልላት ወደ ሐኪሙ ይመልሷታል፤ ሐኪሙ ደግሞ ስለ ኢንሱሊኗ ሰዓት እንጂ ስለዚህ… ወይም ምናልባት ሁለቱን አንድ ላይ…