ቅሬያችን (እድራችን) ለሞተ ብቻ ነው?

የተከበራችሁ ሼሆች፣ ቄሶች፣ እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ሱስ ተናገር ብላችሁኛል። ወረቀቴ ላይ ብዙ ጽፌያለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን አንድ ነገር ነው።

የዚያን ልጅ ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሙን አልጠራም። አረቄ በቃኝ ብሎ በሩን ዘግቶ ተኛ። በማግስቱ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ከዚያ የሌለ ሰው እያየ ይጮህ ገባ። ምን ተባለ? ጂን ነው ተባለ። ጠበሉም ዱዓውም ይሁን፤ አልቃወምም። ነገር ግን አልኮል ለዓመታት ልጓም ሆኖ የያዘው አንጎል፣ ልጓሙ በአንዴ ሲወልቅ ይደነብራል። ሰውየውን ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ለዚህ ሐኪም ቤት መድኃኒት አለ።

ልጁ እንደ ምንም ተረፈ። ወራት ቆየ። ሥራ ጀመረ፤ ፒያሳ ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየው ነበር። ከዚያ ሰርግ መጣ። «አንዷ ምን ትላለች? በሞቴ! አፈር ስሆን!» ወሎዬ ሲለምን ደግሞ አያድርስ ነው። እምቢ ሲል «ኮራ» ተባለ። ጠጣ። በነጋታው «ድሮም እሱ!» ያሉት እነዚያው የቀዱለት ናቸው። እዚህም ተቀምጠዋል። አትሳቁ!

ሱስ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ አስም ያገረሻል። ግፊቱ የተነሳበትን ሰው «ድሮም አንተ» ትሉታላችሁ?

ልጁን ቀበርነው። ቅሬው ድንኳን ጣለ፣ ለቀስተኛ አበላ፣ ለእናቱ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠ። እናቱ ያንን ብር ስትቀበል ፊቷን ያየ ሰው አለ? ልጇ በቁሙ ለሕክምና ብር ሲያጣ ደንባችን አንድ ሳንቲም አልፈቀደለትም! ከሱስ ለመውጣት ሳይሆን ለመሞት ነው የምናዋጣው!

ስለ ጫት አጭር ልበል። ያቆመ ሰው ለቀናት ይደብተዋል፣ ሌሊት ዱካክ ይመጣበታል። ያልፋል፤ ብቻውን አትተዉት።

ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ መጠጥ መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው። ባለ ግሮሰሪዎች፣ ሰምታችኋል።

ሐሳቤ ይኸው። ከሱስ ለመውጣት የሚታከም አባል የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪው ከቅሬው ይሸፈን። በሰርጋችን ደግሞ አልጠጣም ላለ ሰው ለስላሳ ይቅረብለት፤ በሞቴ አይባል።

ጸሐፊያችን፣ መዝገቡን ክፈት። የምትደግፉ እጅ አውጡ።